ልዩ ውክልና ለማሽን፦ አንድ የጎንደር አስጎብኚ ድርጅት ድረ-ገጹን ከሰው ሰራሽ አስተውሎት ጋር ያገናኘበት መንገድ

ድርጅቱ ትንሽ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ቢሮ፣ ጎብኚ የሚያመላልሱ ሁለት መኪኖች፣ ሥራ ሲኖር የሚጠሩ ጥቂት አስጎብኚዎች አሉት። የሚያስጎበኙትም ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም፤ ፋሲል ግቢ፣ ቀሃ ዳር ያለው የፋሲለደስ መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከዚያም በደባርቅ በኩል የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በአስጎብኚነት ያሳለፉ አዛውንት ናቸው፤ እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቢሮውን የሚያንቀሳቅሰው የእህታቸው ልጅ ነው። እኔ ድረ-ገጹ ሲበላሽ የምጠራ ባለሙያ ነኝ።

ድረ-ገጹ ዎርድፕረስ በተባለው የድረ-ገጽ ማዘጋጃ ሶፍትዌር የተሠራ፣ ውጭ አገር በሚገኝ የኪራይ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ የራሳቸው ንብረት ነው። ከዓመታት በፊት በእንግሊዝኛና በአማርኛ የተጻፉ ጥቂት ገጾች አሉት፤ ጎብኚ ሲመናመን የሚጽፍም ጠፋ። እንግዳ መመለስ ሲጀምር በኢሜይል የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ተመሳሳይ ሆነ። ጥምቀት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በስንት ቀን ይውላል? መዋኛው ውኃ አለው? ወደ ደባርቅ የሚነሳው መኪና ስንት ሰዓት ላይ ነው? ልጁ ያንኑ መልስ ደጋግሞ መጻፍ ስለሰለቸው፣ ርዕስና ማስታወሻ ሲሰጡት ጽሑፍ አዘጋጅቶ በቀጥታ ድረ-ገጽ ላይ የሚለጥፍ የሰው ሰራሽ አስተውሎት አገልግሎት በወርኃዊ ክፍያ ገዛ። ክፍያው ራሱ ጣጣ ነበረው፤ በእጁ ባለው የብር ካርድ መክፈል ስላልቻለ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ከፈለለት። ማስታወቂያው በጥቂት ደቂቃዎች ይገናኛል ይላል። ልጁ ሲደውልልኝ ግን "ግንኙነቱ አልተሳካም" ከሚል ቀይ ጽሑፍ በቀር ያየው ነገር አልነበረም።

ቢሮው ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅሁት በማን ስም ሊያገናኘው እንደሞከረ ነው። በጋሼ ስም ነበር። ማለትም በድረ-ገጹ ዋና አስተዳዳሪ ስም፣ ጋሼ ራሳቸው በሚገቡበት የይለፍ ቃል፤ እሱም በቴሌግራም የተላከለት። ዎርድፕረስ ይህን አለመቀበሉ ለእነሱ ጥሩ ሆነ። ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገቡበት ሬስት ኤፒአይ የተባለው በር ሰው የሚጠቀምበትን መደበኛ የይለፍ ቃል አይቀበልም። ለፕሮግራሞች፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ከወጣው 5.6 ስሪት ጀምሮ አፕሊኬሽን ፓስወርድ የሚባል የተለየ ቁልፍ አለ። 24 ፊደላትና አኃዞች ያሉት፣ አራት አራት እየሆነ ተከፋፍሎ የሚታይ፣ ከተፈጠረበት ቅጽበት በኋላ ዳግመኛ የማይታይ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ሌላውን ሳይነካ ለብቻው የሚሰረዝ ቁልፍ ነው።

አብዛኞቹ መመሪያዎች እዚህ ያበቃሉ፤ ፍጠር፣ ገልብጥ፣ ለጥፍ። የማይናገሩት ነገር ይህ ቁልፍ የራሱ ገደብ የሌለው መሆኑን ነው። "ረቂቅ ብቻ ይጻፍ" ወይም "ፎቶ አይንካ" ብሎ ቁልፉን መወሰኛ ቦታ የለም። የተፈጠረለት ተጠቃሚ በሬስት ኤፒአይ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ቁልፉን የያዘው ያደርጋል። በአስተዳዳሪ ስም ከተፈጠረ፣ በወር ክፍያ የተገዛው አገልግሎት የቆዩትን ገጾች መሰረዝ፣ አዲስ ተጠቃሚ መፍጠር፣ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) መጫን ይችላል። አገልግሎቱ ክፉ ባይሆን እንኳ፣ የእሱ ቋት የተሰበረ ዕለት ቁልፉ የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ለጋሼ ነገሩን ያስረዳኋቸው በውክልና ነው።

"ቤትዎን እንዲያከራይልዎት የወከሉት ሰው ቤቱን መሸጥ ይችላል?" አልኳቸው።

"በልዩ ውክልና ተጽፎ ካልተሰጠው እንዴት ብሎ!"

"ይኸኛው ሳይጻፍለትም ይሸጣል። እርስዎ የሚችሉትን ሁሉ ይችላል።"

ጋሼ ወደ ልጁ ዞር ብለው ምንም ሳይናገሩ አዩት። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ወዲያው ተቀየረ። ቁልፉን መገደብ ካልተቻለ መገደብ ያለበት ቁልፉ የሚፈጠርለት ተጠቃሚ ነውና፣ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን አዲስ ተጠቃሚ ከፍተን በዎርድፕረስ ኮንትሪቢዩተር የሚባለውን ዝቅተኛ የጸሐፊነት መብት ሰጠነው። ኮንትሪቢዩተር የራሱን ረቂቅ ይጽፋል እንጂ አያትምም። ጽሑፉ በሌላ ሰው እጅ ከታተመ በኋላ መልሶ ሊነካው አይችልም። ፎቶ መጫን አይችልም። በጽሑፉ ውስጥ የፕሮግራም ኮድ ቢያስገባ ዎርድፕረስ አጣርቶ ያወጣዋል። ይህ መብት ለሰው ጸሐፊ ያናድዳል፤ ለማሽን ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁልፉን ልንፈጥር ስንሄድ ቦታው ራሱ አልነበረም። አፕሊኬሽን ፓስወርድ የሚሠራው ድረ-ገጹ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረ ግንኙነት፣ ሲከፈት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የድረ-ገጹ ምስክር ወረቀት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ በዚያን ጊዜ አድራሻው ወደ ቀድሞው ኤችቲቲፒ ተመልሶ እንደዚያው ቀርቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ የሰጠው ምስክር ወረቀት የሚያገለግለው ለ90 ቀን ብቻ ነበር፣ ራሱን በራሱ የሚያድስበት ሥርዓት ደግሞ አልተከፈተም ነበር። ከፈትነው፣ አድራሻውን መለስነው፣ ቦታው ታየ።

እኔ ማን ነኝ?

ቁልፉን ለአገልግሎቱ ሰጠነው። ያው ቀይ ጽሑፍ መጣ። እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ ይገለብጣል፣ አዲስ ይፈጥራል፣ ቀጥሎ ፕለጊኖችን አንድ በአንድ ማጥፋት ይጀምራል። እኔ መካከለኛውን ትቼ ድረ-ገጹን በቀጥታ መጠየቅ ይሻለኛል፤ አገልግሎቱ የሚያሳየው "አልተሳካም" የሚለውን ብቻ ሲሆን ድረ-ገጹ ግን ለምን እንደሆነ ይናገራል።

መጀመሪያ በአድራሻው ላይ "ደብሊውፒ-ጄሰን" የሚለውን ጨምሬ በብሮውዘር ከፈትሁት። በቅንፍና በትእምርተ ጥቅስ የታጨቀ ረጅም ጽሑፍ መጣ። በሩ አለ፣ አልተዘጋም ማለት ነው። ቀጥሎ ከርል በተባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም የአዲሱን ተጠቃሚ ስምና ቁልፍ አያይዤ "እኔ ማን ነኝ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሬስት ኤፒአይ ለዚህ የተለየ አድራሻ አለው፤ ሁሉም ደህና ከሆነ የጠያቂውን ስም ይመልሳል። የመለሰልኝ 401 የተባለው የስህተት ቁጥር ሲሆን ከሥሩ "አሁን አልገቡም" የሚል መልእክት ነበረው።

401 ሲታይ ሁሉም የይለፍ ቃል ስህተት ነው ብሎ ይደመድማል። መልእክቱን ማንበብ ግን ይገባል። ሆን ብዬ ከቁልፉ አንዱን ፊደል አበላሽቼ ጥያቄውን ደገምሁ። ዎርድፕረስ ቁልፉን አይቶት ቢሆን ኖሮ ያቀረብሁት አፕሊኬሽን ፓስወርድ ትክክል አለመሆኑን መናገር ነበረበት። እሱ ግን ቃል ሳይለውጥ "አሁን አልገቡም" አለ። ትክክለኛውም የተበላሸውም ቁልፍ አንድ ዓይነት መልስ ካገኙ ሁለቱም ዎርድፕረስ ዘንድ አልደረሱም፤ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ይህን ሙከራ ለማንም ሰው እመክራለሁ፤ የሚፈጀው ጊዜ ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ልፋት ግን ብዙ።

መንገድ ላይ የቀሩበት ምክንያት የታወቀ ነው። ስሙና ቁልፉ ተጣምረው የሚላኩት ኦቶራይዜሽን በሚባል የጥያቄው ራስጌ ውስጥ ነው። አፓቺ የተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ፒኤችፒን (ዎርድፕረስ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ) በሲጂአይና በመሳሰሉት መንገዶች ሲያስኬድ ይህን ራስጌ ለደኅንነት ሲል አያሳልፍም። ዎርድፕረስ ይህን ስለሚያውቅ ከ5.6 ስሪት ጀምሮ ራሱ በሚጽፈው፣ ለሰርቨሩ ትእዛዝ በሚሰጠው የኤችቲአክሰስ ፋይል ውስጥ ራስጌውን የሚያሳልፍ አንድ መስመር ያስገባል። አብዛኛውን ጊዜ በዎርድፕረስ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የቋሚ አድራሻዎች (ፐርማሊንክ) ገጽ ከፍቶ ምንም ሳይነኩ ማስቀመጥ ብቻ ፋይሉን ያድሰዋል። እዚህ ግን ፋይሉ እንዳይጻፍበት ተቆልፎ ነበር፣ ስለዚህ የድሮው ይዘት እንዳለ ቀርቷል። መስመሩን በእጄ ጨምሬ "እኔ ማን ነኝ?" ስል የማሽኑ ተጠቃሚ ስም መጣ።

ማንነቱ ታወቀ፤ ረጅም ነገር መጻፍ ግን አልቻለም። አንድ አረፍተ ነገር ያለው የሙከራ ረቂቅ ሲገባ፣ አገልግሎቱ ያዘጋጀው ረጅም ጽሑፍ ግን 403፣ ማለትም "ተከልክሏል" የሚል ቁጥር፣ ተመለሰበት። እዚህም ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ዎርድፕረስ ሲከለክል በጄሰን ቅርጽ (ቀደም ሲል በብሮውዘር እንዳየሁት በቅንፍና በትእምርተ ጥቅስ የታጨቀ ጽሑፍ)፣ ከስህተቱ መለያ ጋር ይመልሳል። ይህ መልስ ግን አርማ የሌለው ተራ ገጽ ነበር፤ ስለዚህ የከለከለው ዎርድፕረስ ሳይሆን ከፊቱ የቆመው የሰርቨሩ ፋየርዎል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን የኤችቲኤምኤል (የገጽ ቅርጽ) ምልክቶች እንደ ጥቃት ቆጥሯቸዋል። ሰርቨሩን ወደሚያከራየው ድርጅት ጻፍን። መጀመሪያ የሰጡን መፍትሔ ፋየርዎሉን ለድረ-ገጹ በሙሉ ማጥፋት ነበር። አንድ ጽሑፍ ለማሳለፍ አጥር ማፍረስ ነውና አልተቀበልነውም። በመልእክት ተመላልሰን ያስቸገረው አንድ ደንብ ብቻ፣ ለዚያ አንድ አድራሻ ብቻ እንዲነሳ ሆነ።

ረጅሙን ጽሑፍ ደግመን ስንልክ እንደገና 403። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። መልሱ ግን አሁን በጄሰን ነበር፤ ይህ ተጠቃሚ ጽሑፍ ማተም አይፈቀድለትም ይላል። አገልግሎቱ ካልተነገረው በስተቀር ሁሉንም ነገር "ይታተም" ብሎ ነው የሚልከው። ይህ 403 የፈለግነው ነበር። አገልግሎቱ ውስጥ የጽሑፉን ሁኔታ ወደ ረቂቅ ቀየርነው፣ ገባ። የምድብ ነገር ትንሽ አስቸግሮ ነበር፣ ሬስት ኤፒአይ የምድቡን ስም ሳይሆን መለያ ቁጥሩን ስለሚፈልግ፤ ቁጥሮቹን አስገብተን አለፍነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ልዩ ትኩረት የሚገባው የጽሑፉ አድራሻ ነው። ዎርድፕረስ አድራሻውን ከርዕሱ ይሠራል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት በአድራሻ ውስጥ የመቶኛ ምልክትና ሁለት ቁምፊዎች ሆኖ ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። ዎርድፕረስ ለዚህ የአድራሻ ክፍል የሚፈቅደው 200 ቁምፊ ነው። ሒሳቡ ከ22 ፊደል በላይ አይሄድም። የመጀመሪያው የአማርኛ ረቂቅ ስለ ጥምቀት በዓል የወጣ ረጅም ርዕስ ነበረው፤ አድራሻው ርዕሱን መሐል ላይ ቆረጠው፣ በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ታየ። ማንም ሰው ይህን አይቶ የቫይረስ ሊንክ ነው ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም። አገልግሎቱ ከርዕሱ ጋር አጭር የላቲን አድራሻ አብሮ እንዲልክ አዘዝነው።

ጋሼ ረቂቅ ሲያነቡ

እስከዚህ ያለው የእኔ ሥራ ነበር። ረቂቆቹ መምጣት ሲጀምሩ ኮንትሪቢዩተር የሚለው ምርጫ ለምን እንዳስፈለገ ሁሉም ሰው ገባው።

ማሽኑ በሰፊው የተጻፈውን ያውቃል። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979፣ የሰሜን ተራሮች በ1978፣ የጥምቀት በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት በ2019 መሆኑን (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) ሳይሳሳት ጻፈ። እዚህ አገር ቆሞ ያየ ሰው ብቻ የሚያውቀው ላይ ሲደርስ ግን በልበ ሙሉነት ይሞላዋል። ስለ መዋኛው የጻፈው እንግዳው በማንኛውም ወር በውኃው ዳር እንዲንሸራሸር ይጋብዛል። መዋኛው ግን ዓመቱን በሙሉ ባዶ ሆኖ ይከርምና ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይሞላል። በሐምሌ መጥቶ ደረቅ ገንዳ የሚያይ ጎብኚ የሚቆጣው ማሽኑን ሳይሆን ጋሼን ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ክብ ቤተ ክርስቲያን አደረገው፤ በአገራችን ብዙ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ስላሉ ይሆናል። የዛሬው ሕንጻ አራት ማዕዘን ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውንም ግንብ ሁሉ ለፋሲለደስ ሰጠው። ጋሼ ይህን ሲያነቡ "አድያም ሰገድ ኢያሱስ? በካፋስ? ምንትዋብስ?" እያሉ ስልኩን በጣታቸው መቱት።

ከሁሉም አደገኛው ግን ታሪክ አልነበረም፤ ሰዓት ነበር። የደባርቅ ጉዞ ማስታወሻ ላይ ልጁ "መነሻ 12 ሰዓት" ብሎ ጽፏል። እዚህ ቢሮ ውስጥ ይህ ከማለዳው 12 ሰዓት ውጪ ሌላ ትርጉም የለውም። ማሽኑ በእንግሊዝኛው ረቂቅ ላይ እኩለ ቀን አደረገው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእኩለ ቀን የተነሳ ሰው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ትኬትና አጃቢ ጠባቂ ይዞ ሲወጣ ቀኑ አልቋል። ረቂቁ በቀጥታ ታትሞ ቢሆን መኪናው በማለዳ ይጠብቃል፣ እንግዳው ሆቴሉ ተኝቷል። አረፍተ ነገሩ ያማረ፣ ሰዋስው የጠራ ስለነበር ልጁ ራሱ ሁለት ጊዜ አንብቦ አላስተዋለውም። ያዩት ጋሼ ናቸው።

የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ አይቀየርም። በጎርጎርዮሳዊው አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት በሚብተው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኗል፣ በ2020 ዓ.ም.ም ይደገማል። ማሽኑ ሁልጊዜ 19 ነው የሚለው። አንድ ቀን ለሌላው ጽሑፍ ምንም ላይሆን ይችላል፤ የአውሮፕላን ትኬት ለሚቆርጥ ሰው ግን ከተራን ማጣት ወይም ማየት ነው።

ስለዚህ ልጁ አገልግሎቱ ውስጥ ባለው ቋሚ መመሪያ ላይ አንድ ገጽ ጻፈ። ሰዓት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደተሰጠና በሁለቱም መጻፍ እንዳለበት፣ የእያንዳንዱ ዓመት ጥምቀት የሚውልበት ቀን፣ የመዋኛው ሁኔታ፣ ግቢው ውስጥ የትኛው ሕንጻ የማን እንደሆነ፣ በማስታወሻው የሌለ ዋጋና ሰዓት ፈጽሞ እንዳይጨምር። ስህተቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም። የዎርድፕረሱን የሰዓት ክልልም ከዜሮ ወደ አዲስ አበባ ቀየርን፤ ረቂቅ አጽድቀው ለነገ ጠዋት የሚቀጥሩት ጽሑፍ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይወጣ ነበርና።

ፎቶን በተመለከተ ክርክር አልነበረም። አገልግሎቱ ምስል ሠርቶ ሊጭን ሲሞክር መብት አጥቶ ተመለሰ፤ ልጁ ግን ምስሉን አውርዶ አሳየን። የአውሮፓ ቤተ መንግሥት የሚመስል ግንብ፣ ዙሪያውን ውኃ የሞላበት ቦይ። ጋሼ ሳቁ። በየመሳቢያው የተቀመጠ የራሳቸው ፎቶ ያለው አስጎብኚ ይህን ምን ያደርግለታል?

የአማርኛውን ገጽ ነገር ደግሞ ወጪው ወሰነው። በወር ክፍያም ቢሆን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች አጠቃቀሙን የሚቆጥሩት ጽሑፉ በሚከፋፈልባቸው ቁርጥራጮች (ቶክን) ብዛት ነው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ቁርጥራጭ ይሆናል። ለዚያውም አማርኛው ደረቅ ስለሆነ ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል። እንግሊዝኛውን ማሽኑ ያርቅቅ፣ አማርኛውን ልጁ ጋሼን እየጠየቀ ይጻፍ ተባለ። እኔም ብሆን ይህንኑ እመርጥ ነበር።

አንድ ያልጠበቅነው ጥቅም ነበረው። አገልግሎቱና ሰርቨሩ ሁለቱም ውጭ አገር ስለሆኑ የጎንደር መብራትም ሆነ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። ረቂቆቹ ይጠራቀማሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ጋሼ በስልካቸው ያነቡና ያጸድቃሉ ወይም ይጥላሉ። የሚጥሉት ብዙ ነው።

ልጁ አንድ ጊዜ ደውሎ የማሽኑን መብት ከፍ እንዳደርግለትና ራሱ እንዲያትም ጠየቀኝ፤ ረቂቅ እየከፈቱ ማጽደቅ ሰልችቶታል። "ጋሼ ምን አሉ?" ስለው ዝም አለ። ኋላ እሳቸውን ሳገኛቸው አነሳሁባቸው። "ከስሜ ሥር የሚወጣውን ካላነበብሁ ምን ሥራ አለኝ?" አሉኝ። መብቱ ባለበት ቀረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ዋጋው ዝቅ ያለ ሌላ አገልግሎት አገኘ። በዚያው የማሽን ተጠቃሚ ሥር ለአዲሱ አገልግሎት ሌላ ቁልፍ ፈጥሮ ስሙን ሰጠው። በዝርዝሩ ላይ የቀድሞው ቁልፍ መጨረሻ የሠራበት ቀንና የመጣበት አይፒ አድራሻ ይታያል፤ ያንን አይቶ ሰረዘው። እኔ በስልክ ከማዳመጥ በቀር ያደረግሁት የለም። አዲሱ አገልግሎት እንደተገናኘ የመጀመሪያውን ጽሑፍ በቀጥታ ሊያትም ሞክሮ 403 መጣበት። ልጁ ሁኔታውን ወደ ረቂቅ ቀየረውና ሥራውን ቀጠለ።